ከመርፌው በፊት

አያቴ ፊቷ ላይ ፈንጣጣ የተወው ጉድጓድ ጉድጓድ ነበራት። ልጅ ሆኜ ጭኗ ላይ ጋደም ብዬ ጣቴን በየጉድጓዱ እየከተትኩ እቆጥራለሁ፤ አንድም ቀን ግን ዳር ሳላደርሰው እንቅልፍ ይወስደኛል። የእንጨት ጭስ፣ የቅቤና የኮረሪማ ጠረን ነበራት። ከልጅ በቀር ማንም ፊቷን እንዲነካ አትወድም። ስለ ፈንጣጣው ስትጠየቅም ብዙ አታወራም፤ «እኔን ጥሎኝ አለፈ፤ ይዟቸው የሄደው እዚያ ናቸው» ትልና በአገጯ ወደ ጫካው ጥግ፣ ወደ መቃብሩ ታመለክታለች።

ይቺ ሴት መርፌ አትፈራም ነበር። በልጅነቷ አዋቂ የሚባሉ ሰዎች ፈንጣጣው ቀለል ካለለት ሰው ቁስል መግል ወስደው የጤነኛውን ክንድ እየጫሩ ሲያስነኩ አይታለች፤ አንዳንዱ በዚያው ይጠበቃል፣ አንዳንዱ በዚያው ይሄዳል። በጥር 1963 ዓ.ም. ፈንጣጣን የማጥፋቱ ዘመቻ በአገራችን ሲጀመር ደግሞ፣ ሁለት ጫፍ ያላት ቀጭን መርፌ የያዙ ወጣቶች በጭቃው በእግራቸው መጥተው ክንዷን ሲጠይቋት፣ ቀድማ እጅጌዋን የሰበሰበች እሷ ናት። በዚያ በመጀመሪያው ዓመት ብቻ በመላ አገሪቱ ከ26 ሺህ በላይ ሕሙማን ተመዘገቡ። የመጨረሻዋ ሕመምተኛ የተገኘችው ነሐሴ 1968 ባሌ ውስጥ ነው። አያቴ ቁጥሩንም ባሌንም አታውቅም፤ «ከዚያ ወዲህ ፊቱ የእኔን የመሰለ ልጅ አላየሁም» ነበር የምትለው።

ይህን ያስቀደምኩት ያለ ነገር አይደለም። በቤታችን በመርፌ ሰበብ አያቴና እናቴ ዓመታት ተኳርፈዋል። ጠብ አልነበረም። ቡና ይጠራራሉ፣ እንሰት አብረው ይፍቃሉ፤ የመርፌ ነገር ሲነሳ ግን ከሁለት አንዳቸው ብድግ ብለው ይወጣሉ።

ያደግንባትን ሺሺንዳን ላታውቋት ትችላላችሁ። ከቦንጋ ወደ ሚዛን ስትሄዱ መንገድ ላይ የምታገኟት ከተማ ናት። ዝናብ ጀመረ ማለት ወራት ይከርማል፤ ጠዋት ጠዋት ጭጋጉ ከጫካው ወጥቶ ቡና ተሰጥቶበት የነበረውን አልጋ ሁሉ ያረጥባል። ቆርቆሮ ላይ ሲወርድ ሰው ከሰው አይደማመጥም። እናንተ ጩኸት ትሉት ይሆናል፤ ወንድሜ ግን ይህን ድምፅ ሲሰማ መሬት ላይ በጀርባው ተንጋሎ ይስቃል፤ ዝናቡ ሲያባራ ደግሞ ያለቅሳል።

ወንድሜ ማሙሽ (ቤት ውስጥ ከዚህ ሌላ ስም አልነበረውም፤ ዛሬ ጢሙ ሸብቶም ማሙሽ ነው) የተወለደው ጥቅምት 1984 ነው። ደርግ ከወደቀ መንፈቅ አልሞላውም ነበር። አባዬ ሬዲዮኑን ጆሮው ላይ ለጥፎ ያድራል፤ እማዬ ግን መንግሥት መለወጡ የገባኝ ክትባት ሰጪዎቹ ሳይመጡ ሲቀሩ ነው ትላለች። ኋላ ግን መጡ። በትከሻቸው ሰማያዊ ሳጥን አንግተው፣ አልኮል የነካ ጥጥ እየሸተቱ። የሕፃናት ክትባት በአገራችን በ1972 ዓ.ም. ሲጀመር ስድስት በሽታ ይዞ ነበር የተነሣው፤ ሳንባ ነቀርሳ፣ ዘጊ አናዳ፣ ትክትክ፣ መንጋጋ ቆልፍ፣ ፖሊዮና ኩፍኝ። የኩፍኙ መርፌ የሚወጋው በ9 ወር ስለነበር ከሁሉም ኋላ ነበር። ማሙሽ ሁሉንም ጨርሷል። ካርዱን እማዬ በላስቲክ ጠቅልላ የወርቅ ጆሮ ጌጧን ከምታስቀምጥበት ሙዳይ ውስጥ ከተተችው፤ ያኔ የተከተበ ልጅ ካርድ የሚያኮራ ነገር ነበር።

በዓመቱ አፉን ፈታ። «ቡኖ» አለ፤ በከፊኛ ቡና ማለት ነው። አያቴ ስትቀዳ ሲኒውን እያየ «ቡኖ፣ ቡኖ» ይላል። ሌሎች ሦስት አራት ቃላትም ነበሩት። የሚቀጥለው ክረምት ሲገባ ግን ቃላቱ አንድ በአንድ ጠፉ። ማንም የጠፉበትን ቀን ልብ አላለውም፤ የመጣ ቃል እንጂ የሄደ ቃል ማን ይቆጥራል? አንድ ቀን አያቴ ጀበናውን ስታጋድም ምንም አላለም። በቃ። ከዚያ በኋላ ሲኒውን ገልብጦ በጠርዙ ማሽከርከር ብቻ ሆነ ሥራው። ወፍጮ ቤት በር ላይ ስናልፍ ጆሮውን ደፍኖ ይወድቃል። ሰው ሲጠራው አይዞርም፣ የከረሜላ ወረቀት ከሌላ ክፍል ሲንኮሻኮሽ ግን ይሰማል፤ ስለዚህ ደንቆሮ አይደለም አልን፤ ደንቆሮ ካልሆነ ታዲያ ምንድን ነው?

እማዬ ያልሄደችበት የለም። ጸበል ተወሰደ። አባዬ ሳያውቅ መንፈስ ያለበት ሰው ቤትም አድሯል። ዓይነ ጥላ ነው ተባለ፣ እናቱ በእርግዝናዋ የረገጠችው ነገር አለ ተባለ፣ አማቷ አልወደደቻትም ተባለ (ይቺኛዋን አያቴ ሰምታ ሳምንት ሙሉ አልበላችም)። አንድ ቀን ታዲያ ጎረቤታችን ሁለተኛውን ሲኒ እየጠጣች፣ እንደ ቀላል ነገር፣ «እቴ፣ የመርፌ ቢሆንስ?» አለች። የእጣኑ ጭስ መሃል እማዬ ቀና ብላ ያየቻትን አስተያየት አሁንም አልረሳውም። ገና ዘጠኝ ዓመቴ ቢሆንም አንድ ነገር ከእናቴ ትከሻ ላይ ሲወርድ አይቻለሁ። ርግማን ቢሆን የእሷ ነው፤ ዓይነ ጥላ ቢሆን የዘሯ ነው፤ መርፌ ከሆነ ግን የሌላ ሰው ነው። ቀን አለው፣ ማኅተም አለው፣ የወጋው ሰው መልክ አለው።

አያቴ «የአብዬን እከክ ወደ እምዬ ልክክ!» ብላ ተነሥታ ወጣች። ኩርፊያው የጀመረው ያን ቀን ነው።

እየቆየ አንድ ነገር አስተዋልኩ። የእማዬ ታሪክ በየዓመቱ ያጥራል። መጀመሪያ ለሰው ስትናገር «ከተከተበ ዓመት ሳይሞላው ዝም አለ» ነበር የምትለው። ቆይቶ «በወሩ» ሆነ። ከዚያ ደግሞ «በሳምንቱ» ስትል ሰማሁ። ስድስተኛ ክፍል ስደርስ ማሙሽ የተወጋ ዕለት ማታ ትኩሳት ይዞት አድሮ ጠዋት ዲዳ ሆኖ ተነሥቷል። እየዋሸች አይደለም፤ ብትምል የምትምለው በእውነት ነው። ካርዱ ከነቀኑ ሙዳዩ ውስጥ ተቀምጧል፣ ግን ማንም አውጥቶ አላየውም።

በመስከረም 1991 ማሙሽን ለማስመዝገብ እማዬ እኔን አስከትላ ሄደች። ስሙን የማልጠራው አንድ ትምህርት ቤት ነው። የልደት ምስክር ወረቀት የሚባል ነገር ስለሌለ የምዝገባው ወግ የታወቀ ነው፤ ቀኝ እጅ በአናት ላይ ዞሮ ግራ ጆሮን ከነካ ዕድሜው ደርሷል። ማሙሽ ጨዋታው ደስ አለው፤ ጆሮውን ይዞ አልለቅ አለ። መዝጋቢው ሳቅ ብሎ «ጎበዝ! ስምህ ማነው?» አለው። ዝም። «ስምህን ንገረኛ!» ማሙሽ ጠረጴዛው ላይ ያለውን ማኅተም አንሥቶ አሸተተው፤ ሐምራዊው ቀለም አፍንጫው ላይ ቀረ። መዝጋቢው ማኅተሙን ቀምቶ ቆይቶ፣ በክፋትም አይደለም፣ «እህቴ፣ ለጊዜው ቤት ይቆይ፤ ሲናገር ታመጪዋለሽ» አላት።

ግምገማው ሁሉ ይኸው ነበር፤ አንድ ጆሮና አንድ ስም። የ1986ቱ የትምህርትና ሥልጠና ፖሊሲ ልዩ ፍላጎት ያላቸው ልጆች እንደየአቅማቸው ይማራሉ ይል ነበር፤ ኋላ መምህርት ሆኜ ሳነበው ያ ሐምራዊ አፍንጫ ነው የታየኝ። ያን ቀን ወደ ቤት ስንመለስ እማዬ አላለቀሰችም። መንገድ ላይ ያገኘነው የጤና ሠራተኛ «ደህና ዋላችሁ?» ሲል ግን ፊቷን አዞረችበት። ሰውየው ምን በደለ? ምንም። ሌላ ፊት የምታዞርበት ሰው ስላልነበራት ነው።

እህቴ የተወለደችው በ1988 ነው። እማዬ ክንዷን ለመርፌ አላሳየችም። አያቴ ለመነች፣ ተቆጣች፣ የራሷን ፊት በጣቷ እያሳየች «ይሄን ትወጃለሽ?» አለች። እማዬም ማሙሽን አሳየቻት። ምን ይባላል? ሁለቱም ማስረጃ ይዘው ነው የሚከራከሩት።

ኩፍኝ የገባው በ1992 በበጋው ነው። እህቴ አራት ዓመቷ ነበር። ዓይኗ ቀላ፣ ሳለች፣ ከዚያ ፊቷ ላይ ፈሰሰባት። በእኛ ዘንድ ኩፍኝ የያዘው ልጅ እንዴት እንደሚያዝ ታውቃላችሁ፤ መስኮቱ በጋቢ ተጋረደ፣ ሽንኩርት መጥበስ ቀረ፣ ኮቴ ሳይሰማ መሄድ ሆነ። ኩፍኝ መርፌ አይወድም ስለሚባል ክሊኒክ መውሰድም ነውር ነበር፤ አባዬ በሦስተኛው ቀን አንሥቶ እስኪወስዳት ድረስ። የዚያ ክፍል ሽታ፣ የላብ፣ የዳማ ከሴ፣ የታፈነ ጭስ ሽታ፣ አሁንም አንዳንድ ቤት ስገባ ይመጣብኛል።

ማሙሽ ከዚያ ክፍል አልወጣም አለ። ሽታ የማይወደው፣ ሰው አጠገብ የማይቀመጠው ልጅ፣ ከእህቱ መደብ ሥር ተጋድሞ ያችን አንድ ዜማውን፣ ከአፍንጫው የምትወጣውን፣ ቀን ከሌት ያንጎራጉራል። እማዬ ይይዝሃል ብላ ታወጣዋለች፣ ተመልሶ ይገባል። አያቴ በመጨረሻ «ተዪው፤ እሱን አይነካውም» አለቻት። እማዬ ለምን አላለችም። ለምን እንደሆነ ታውቃለች። መርፌው በ9 ወር አንዴ ከተከተቡ ልጆች 85 በመቶ ያህሉን ነው የሚጠብቀው፤ ለዚህም ነው በየካቲት 2011 በአገራችን ሁለተኛ ዙር የተጨመረው። እና አያቴ ያን ያህል በልበ ሙሉነት መናገሯ ዕድልም ረድቷት ነው። ግን አልነካውም። እህቴ ዳነች፤ የቀኝ ጆሮዋ ወራት መግል ሲያፈስ ከርሞ ዛሬ በዚያ በኩል አትሰማም። ስትጠሯት በግራዋ ቁሙ።

ከቦንጋ መምህራን ማሠልጠኛ ወጥቼ ማስተማር በጀመርኩ ሰሞን ትልቁ የኩፍኝ ዘመቻ መጣ፤ በ1990ዎቹ አጋማሽ ላይ ከ6 ወር እስከ 14 ዓመት ያለ ልጅ ሁሉ፣ ድሮ ተከተበም አልተከተበ፣ የተጠራበት። ትምህርት ቤቶች የክትባት ጣቢያ ሆኑ። የእኔ ሥራ የተከተበውን ልጅ ትንሽ ጣት በቀለም ምልክት ማድረግ ነበር። ግቢው የለቅሶና የአልኮል ጥጥ ሽታ ሞልቶታል፤ ወንዶቹ ልጆች እንደማይፈሩ ለማሳየት ይጋፋሉ፣ መርፌዋን ሲያዩ ወደ ኋላ ይሸሻሉ። ረፋዱ ላይ ቀና ስል እማዬ ሰልፉ ውስጥ ናት። በአንድ እጇ እህቴን፣ በሌላው ማሙሽን ይዛለች።

ተራዋ ሲደርስ እህቴን ወደ ፊት ገፋች። እህቴ ተወጋች፣ ጣቷን ቀባሁ። ክትባት ሰጪዋ ሁለተኛውን መርፌ አዘጋጅታ «ወንዱስ?» ስትል እማዬ በሁለት እጇ ማሙሽን ወደ ቀሚሷ ሳበችው። «እሱን ተዉት። እሱ የድርሻውን ወስዷል።» ሴትየዋ እኔን አየችኝ። እኔ እማዬን አየሁ። ማሙሽ ቀለሙን ብቻ ፈልጎ ጣቱን ወደ እኔ ዘረጋ። ቀባሁለት? አልቀባሁለትም፤ ቆጠራው ይዛባል። ቤት ስገባ ግን በእስክሪፕቶ ቀባሁለት፤ ለሳምንት ሲያየው ከረመ።

«ኦቲዝም» የሚለውን ቃል መጀመሪያ የሰማነው ከሬዲዮ ነው። ወይዘሮ ዘሚ የኑስ ነበሩ የሚናገሩት። አሜሪካ ኖረው ተመልሰው የውበት ሙያ ማሠልጠኛ የከፈቱ ሴት ናቸው፤ የማይናገር ልጃቸውን የሚቀበል ትምህርት ቤት ቢያጡ ኒያ ፋውንዴሽንን መሥርተው ጆይ የኦቲዝም ማዕከልን አዲስ አበባ ላይ አቆሙ፤ በአገሪቱ የመጀመሪያው ነበር። አቡጊዳ ፎነቲክስ የሚባል ፊደልን በድምፅ የማስተማሪያ ዘዴም ለነዚሁ ልጆች አዘጋጅተዋል። በግንቦት 2013 አርፈዋል፤ ነፍስ ይማር። ያን ቀን በሬዲዮ ስለ ልጃቸው ሲያወሩ፣ ሲጠሩት እንደማይዞር፣ ነገር ደጋግሞ እንደሚያሽከረክር ሲናገሩ፣ እማዬ እጇ ሊጥ እንደያዘ መጥታ ሬዲዮኑ ፊት ቆመች። «ይቺ ሴት ቤታችን ገብታ ታውቃለች እንዴ?» አለች።

አዲስ አበባ የሄድነው በ2000 ዓ.ም. ነው። ማሙሽ አሥራ ስድስት ዓመቱ፣ ከእኔ ረዝሟል። በቅጥቅጥ እስከ ጅማ፣ ጅማ አድረን በማግሥቱ አዲስ አበባ። መስኮቱ ጋ ስላስቀመጥነው ተሳፋሪው ሁሉ ዜማውን ለመደ፤ ወሊሶ ስንደርስ ከኋላ አንድ ልጅ አብሮት ያንጎራጉር ነበር። አክስታችን ቤት አረፍን፤ ሆስፒታሉ ውስጥ ወረፋ ይዘን የገባንላት ሐኪም ከእኔ የማትበልጥ ልጅ ናት። እማዬ ደም ይወሰዳል፣ ጭንቅላቱ ይነሣል ብላ ጠብቃ ነበር። ሐኪሟ የያዘችው ወረቀትና እስክሪፕቶ ብቻ ነው። እማዬ በጆሮዬ «ለዚህ ነው ሁለት ቀን የመጣነው?» አለችኝ።

ሐኪሟ ማሙሽን ለረጅም ጊዜ ዝም ብላ አየችው፤ የእጅ መታጠቢያውን ቧንቧ ሲከፍትና ሲዘጋ አልከለከለችውም። ከዚያ ወደ እማዬ ዞረች።

«እናቴ፣ ሕፃን እያለ የሚፈልገውን በጣቱ ያሳይዎት ነበር?»

«እጄን ይዞ ይወስደኛል እንጂ።»

«ቃል ያወጣ በነበረበት ጊዜም?»

እማዬ አሰበች። «ያኔም እጄን ነው።»

«ከዚያ በፊትስ? ገና ሳይድህ? ሲያጠቡት ዓይንዎን ያያል?»

እማዬ መልስ አልሰጠችም። ቧንቧው ይከፈታል፣ ይዘጋል። «ኩራዙን» አለች ቆይታ። «ኩራዙን ነው የሚያየው። ወተት የምሰጠው እኔ፣ የሚያየው ኩራዙን። ፋሲካ ዋዜማ ነው፣ ዶሮ እየሠራሁ፣ ፊቱን በእጄ ወደ እኔ ባዞረው መልሶ ኩራዙን… አማቴም አይታለች።»

ሐኪሟ ካርድ እንዳለው ጠየቀች። ያ በላስቲክ የተጠቀለለ ካርድ ከእማዬ ጡት መያዣ ወጣ፤ ለካ ይዛው መጥታለች። ኩፍኝ፣ ሐምሌ 1984። ሐኪሟ ምንም አላለችም፤ ካርዱን ብቻ ጠረጴዛው ላይ ወደ እማዬ አዙራ አስቀመጠችው። እማዬ ማንበብ አትችልም፤ እኔ አነበብኩላት። «ፋሲካ ሚያዝያ ነው» አለች። «መርፌው ሐምሌ።» ጣቷን አጠፈች፤ ሚያዝያ፣ ግንቦት፣ ሰኔ፣ ሐምሌ። ከዚያ፣ ለሐኪሟ ይሁን ለእኔ ወይ ለራሷ፣ «እስከ ዛሬ እኮ ይሄን የጠየቀኝ የለም» አለች።

ኋላ እንዳነበብኩት፣ በ2006 ኔቸር በሚባለው የሳይንስ መጽሔት ላይ የወጣ ጥናት ኦቲዝም ያለባቸው ሕፃናት ሰው ዓይን ላይ የሚያሳርፉት እይታ ከ2 እስከ 6 ወራቸው ባለው ጊዜ ጀምሮ እየቀነሰ እንደሚሄድ አሳይቷል። አያቴና እናቴ ይህንን በ1984 በኩራዝ ብርሃን አይተውት ነበር። ብቻ ያዩትን የሚቀበላቸው ሰው አልነበረም። አያቴ ይህን ሳትሰማ ነው የሞተችው፤ እማዬ ከአዲስ አበባ ስትመለስ መቃብሯ ላይ ሄዳ ቡና ማፍሰሷን ግን አውቃለሁ።

ከሐኪሟ ቃሉን ይዘን ተመለስን፤ ሌላ ይዘን የምንመለሰው ነገር አልነበረም። ማዕከሉ አዲስ አበባ ነበር፣ ተራ የሚጠብቀው ብዙ ነበር፣ እኛ ሺሺንዳ ነን። ትምህርት ሚኒስቴር የመጀመሪያውን የልዩ ፍላጎት ትምህርት ስትራቴጂ በ1998 አውጥቷል፣ በ2004 አሻሽሎታል፤ እኔም በክረምት ኮርስ ተምሬ የልዩ ፍላጎት መምህርት ሆንኩ። እጄ የገባው የልጆች መለያ ቅጽ ማየት የተሳነው፣ መስማት የተሳነው፣ የአካል ጉዳት ያለበት እያለ ይወርድና መጨረሻ ላይ «ሌላ» ይላል። እኔ የማሙሽን ዓይነት ልጆች ለዓመታት የጻፍኳቸው «ሌላ» ላይ ነው። ሰው ታዲያ ኦቲዝም ስለው «ሒሳብ ይችላል? ፊልም ላይ እንደማየው?» ይለኛል። አይችልም። ማሙሽ ሒሳብ አይችልም። ውሃ ያመጣል፣ ካልፈለገ አያመጣም።

በ2009 ሚኒሶታ ያለችው የአክስቴ ልጅ በስልክ ቪዲዮ ላከችልኝ። እዚያ በሶማሌ ማኅበረሰብ ውስጥ ኩፍኝ ተነሥቶ በዚያው ዓመት 75 ሰው ታሞ ነበር፤ አብዛኞቹ ሕፃናትና ያልተከተቡ። የእሷም ልጅ ኦቲዝም አለበት። ቪዲዮው መርፌው ነው ይላል። ወሬው ከየት እንደተነሣ ታውቁት ይሆናል፤ አንድሩ ዌክፊልድ የሚባል እንግሊዛዊ ሐኪም በየካቲት 1990 ላንሴት መጽሔት ላይ ስለ 12 ልጆች ጽፎ ነው። መጽሔቱ በጥር 2002 ጽሑፉን ሰረዘው፤ በዚያው ዓመት ሐኪሙ ከሙያው ተሰናበተ። በዴንማርክ ከ650 ሺህ በላይ ልጆችን ተከታትለው የተከተበና ያልተከተበ ልዩነት አላገኙም። እኔን የሚገርመኝ ሌላ ነው። የእኔ እናት ዌክፊልድ ከመጻፉ ከዓመታት በፊት፣ ላንሴት በማይደርስበት ሺሺንዳ፣ እዚያው ጥርጣሬ ላይ ደርሳ ነበር፤ ያውም እሱ የወቀሰው ሦስቱን ባንድ የያዘ ክትባት አገራችን ውስጥ በማይሰጥበት ጊዜ። ልዩነታቸው እሱ የልጆቹን መረጃ አዛብቷል፣ እሷ ግን ልጇ ዝም ስላለ ነው።

እማዬ ስልኩን ተቀበለችኝና ከአክስቴ ልጅ ጋር ታወራ ጀመር። እዚያ አገር ወላጅ አልስማማም ብሎ በሕግ ፊት ከፈረመ ልጁ ሳይከተብ ትምህርት ቤት ይገባል። ወላጅ ከፈቀደ ደግሞ ትምህርት ቤቱ ራሱ ልጁን በነፃ ይመረምራል፤ ምን እንደሚችል፣ ምን እንደሚያግዘው ተጽፎ፣ ለእሱ ብቻ ዕቅድ ይወጣለታል። እንደ ፈረንጆቹ ከ1975 ጀምሮ ሕጋቸው ነው።

«ሳይከተብ ተቀበሉት?» አለች እማዬ።

«አዎ አክስቴ፣ ፈርሜ።»

«ሳይናገርም ተቀበሉት?»

«አዎ፣ ለብቻው ረዳት መድበውለታል።»

እማዬ ስልኩን ከጆሮዋ አርቃ አየችው፣ መለሰችው። «ታዲያ ምን ጎደለሽና ከመርፌ ትጣያለሽ?»

እንዲህ በማለቷ የዳነች እንዳይመስላችሁ። በ2011 የማኅፀን በር ካንሰር ክትባት በየትምህርት ቤቱ ተጀመረ፤ መድኃኒቱ በዓለም ስላነሰ 14 ዓመት ለሞላቸው ሴቶች ብቻ። ልጄ 14 ዓመቷ ነበር። ከተማው ውስጥ መካን ያደርጋል የሚል ወሬ ተነዛ፤ አንዳንዱ ልጁን ወደ ገጠር አሸሸ። በክትባቱ ቀን እማዬ ነጠላዋን ለብሳ ልጄን ራሷ ይዛ ሄደች። ሰልፉ ላይ ያሉ እናቶች ያውቋታል፤ የመርፌ ጠላት እንደሆነች ነው የሚያውቋት፤ ዝም ብለው ምን እንደምታደርግ ያያሉ። ሳጥኑ ስንት ሰዓት እንደተከፈተ ጠየቀች፣ በረዶው አለመቅለጡን በእጇ ነክታ አየች፣ ከዚያ «ቀጥሉ» አለች፤ የጤና ቢሮ ኃላፊ የመሰለ አነጋገር። ማታ ግን መኝታዋ ላይ ሆና «መርፌው አይደለም ብለውኛል፤ አምኛለሁ» አለችኝ። «ሌሊት ሌሊት ግን ይመጣብኛል። ባልወስደውስ ኖሮ እላለሁ።» ምን ልበላት? ፋሲካ ሚያዝያ ነው አልኳት። «እሱንስ አውቃለሁ» ብላ ወደ ግድግዳው ዞረች።

ዘንድሮ መስከረም ምዝገባ ላይ አንዲት ልጅ እግር እናት መጣች። ስድስት ዓመት የሞላው ወንድ ልጅ ይዛለች፤ ጠመኔዬን ወስዶ በጥርሱ ይፈትናል። ስሙን አልጠየቅሁትም። ጎንበስ ብዬ ወንበር ሳብኩላት።

«መርፌ ከወጋችሁት ወዲህ ነው» አለችኝ ሳትቀመጥ። «ወጋችሁት» ነው ያለችው፤ እኔንም ጨምራ።

«እሺ» አልኳት። «ከመርፌው በፊትስ? ስታጠቢው ምን ያይ ነበር?»

ተቀመጠች። ብዙ አወራን፤ ከኋላዋ ያሉት ሰልፈኞች ተነጫነጩ፣ አንዱ ሰዓቱን አሳየኝ። የነገረችኝን ሁሉ ጻፍኩና ለጅማ ዩኒቨርሲቲ ሆስፒታል የአእምሮ ሕክምና ክፍል ደብዳቤ አዘጋጀሁላት፤ እስከዚያው ልጁ እኔ ክፍል ይገባል ብዬ መዘገብኩት። ደብዳቤውን አገላብጣ አየችው።

«አስተማሪ፣ ጅማ ደርሶ መልስ ለሁለት ሰው ስንት ገባ አሁን?»

ነገርኳት። ከንፈሯን መጠጠች።

«ጭኔ ላይ ቢቀመጥስ?»

ልጁን አየሁት። ለዕድሜው ረጅም ነው፣ እግሩ ከወዲሁ መሬት ይነካል። «ረዳቱ አይሰማሽም» አልኳት፤ «እንደ ሙሉ ሰው ነው የሚቆጥረው።»